አጭር ስም ወይስ ረጅም ስም? የአማርኛ ፋይል ክርክር

የማርቆሱ፦ ለትምህርት ቤት የደወል ማጫወቻ ቦርድ እየሠራሁ ነው። ድምፁን ከኤስዲ ካርድ ያነባል፣ የፋት (ካርዱ ላይ ፋይል የሚደረደርበት ሥርዓት) ማንበቢያ ኮዱን፣ ድራይቨሩን፣ ራሴ ነኝ የምጽፈው። መምህራኑ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በአማርኛ ሰይመው ይጭናሉ። «የሰልፍ ደወል» ብለው የጫኑት እኔ ጋ ______~1 በሚል አጭር ስም ይመጣል፣ «የእረፍት ደወል» ደግሞ ______~2። ለጊዜው 1 የሰልፍ፣ 2 የእረፍት ብዬ ኮዱ ውስጥ አስገብቻለሁ። ረጅሙን ስም (እነሱ የጻፉትን ሙሉ ስም) ላንብብ ወይስ «በእንግሊዝኛ፣ ከ8 ፊደል ሳይበልጥ ሰይሙ» ልበላቸው?

የቡሬው፦ በላቸው እንጂ! የፋት አጭር ስም ከኤምኤስ-ዶስ ዘመን ጀምሮ 8 ፊደል ስም፣ 3 ፊደል ቅጥያ ነው። ቦርድህ አርዱይኖ ኡኖ R3 ከሆነ ያለህ ራም 2 ኪሎባይት ነው። ለሴክተሩ፣ ከካርዱ በአንዴ ለሚነበበው ቁራጭ፣ 512 ባይት ሄደ። ለ255 ፊደል ስም ደግሞ 510 ልትሰጥ? የሚጮኸው ደወሉ ነው፣ ስሙ አይደለም።

የባሕር ዳሯ፦ 255ቱን በሙሉ ያዝ ማን አለው? ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ረጅሙ ስም 13 ፊደል 13 ፊደል እየተቆረጠ፣ በካርዱ የፋይል ዝርዝር ውስጥ ከአጭሩ ስም መዝገብ በፊት፣ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚቀመጠው። አንዱ መዝገብ 32 ባይት ነው። «የእረፍት ደወል» በአንዱ ብቻ ያልቃል! 39 ፊደል ላይ ገደብ አድርግ፣ ከዚያ በላይ የሰየመ መምህር ይምጣና እናነጋግረው። የኮዱን 1 እና 2 ግን ዛሬውኑ አውጣ። ቁጥሩ ቀድሞ ለተጫነው ነው የሚሰጠው፤ ነገ አገላብጠው ቢጭኑት ይቀያየራል።

የዳንግላው፦ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፣ ግን ቼክሰሙን፣ ረጅሙ ስም የየትኛው አጭር ስም እንደሆነ ማመሳከሪያ ቁጥሩን፣ እንዳትረሳ። ረጅም ስም የማያውቅ አሮጌ ማጫወቻ ነበረኝ። ፋይል ሲያጠፋ አጭሩን ስም ብቻ ሰርዞ የረጅሙን ቁራጮች ባለቤት አልባ ይተዋቸዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከአጭሩ ስም የተሰላ 1 ባይት ቼክሰም አለው። ሳታመሳክር ካነበብክ የሞተውን ፋይል ስም ለሌላው ትሰጠዋለህ። በሰልፍ ሰዓት የእረፍት ደወል ሲጮህ ይታይህ፣ ተማሪውን ማን ይመልሰዋል?

የቡሬው፦ እሺ፣ በንባቡ ተረታሁ። ቦርዱ ራሱ ፋይል የሚጽፍ ከሆነ ግን አጭር ስም ብቻ ይጻፍ፣ በዚህ አልለቅህም።

የማርቆሱ፦ አይጽፍም አያ፣ ማንበብ ብቻ ነው። ካርዱን አሁን በባይት ገልጬ አየሁት። ባህርዩ (የመዝገቡን ዓይነት የሚናገረው ባይት) 15 የሆነውን መዝገብ «ቆሻሻ ነው» እያልኩ ስዘለው ከርሜያለሁ፤ ለካ ስሙ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።