በአሉሚኒየም ላይ ቀይ ያለበት ሥዕል ማተም ይቻላል?

ሊኖ ቆራጭ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ኅትመት ነው፤ እንጨትና ሊኖ (እንደ ወለል ንጣፍ ያለ ለስላሳ ሉህ) እየቆረጥኩ አትማለሁ። አሁን ደግሞ ብረት ላይ በቀለም መሥራት አምሮኛል፤ ያውም የብረቱ ብልጭታ ከሥር እየታየ። ያሰብኩት ዓይናቸው ፈጠጥ ያለ መላእክት ነው፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንዳሉት ዓይነት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ያስፈልጉኛል። አንድ ማተሚያ ቤት «ብረት ላይ እናትማለን» ብሎ ናሙና አሳየኝ። ያምራል፣ ግን በጥፍሬ ስነካው ፕላስቲክ ነው የሚመስለኝ። አኖዳይዝ የሚባለው ከዚህ ይለያል? ቤት ውስጥስ ይሞከራል? የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ አለኝ፣ ይሆናል?

ባትሪ በባትሪ፦
ቲታኒየም ፈልጊ! ቀለም መግዛት የለ፣ አሲድ የለ። ባለ 9 ቮልት ባትሪዎችን የአንዱን ፖዘቲቭ ከሚቀጥለው ኔጋቲቭ ጋር እየሰካሽ ትቀጥያቸዋለሽ፤ ቲታኒየሙን ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፤ በቃ። 30 ቮልት ገደማ ላይ ሰማያዊ፣ 60 አካባቢ ወርቃማ፣ ወደ 100 ሲጠጋ አረንጓዴ ይሰጥሻል። ሚላኖ ፖሊቴክኒክ የብረት ዝገት ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ፒዬትሮ ፔዴፌሪ በዚህ መንገድ ሥዕል ይሥሉ ነበር። ሥራዎቻቸውን ፈልገሽ እያቸው፣ አፍ ያስከፍታሉ።

አኖድ ከሽቱትጋርት፦
ባትሪ በባትሪ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ልጅቷ ቀይ ነው ያለችው። ቲታኒየም ላይ ቀይ የለም። እዚያ የምናየው ቀለም በሥሡ ኦክሳይድ (ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ላዩ ላይ በሚሠራው ሽፋን) ውስጥ ብርሃን ሲንጸባረቅ የሚፈጠር ነው፤ ቮልቱ የኦክሳይዱን ውፍረት ይወስናል፣ ውፍረቱ ቀለሙን። ሮዝና ሐምራዊ ታገኛለህ፣ የመልአክ ካባ ቀይ ግን አታገኝም። ደግሞ አሥር ባትሪ ተቀጥሎ 90 ቮልት ነው፤ እርጥብ እጅ ላይ ቀልድ አይደለም፣ ይህንን ሳትነግራት ማለፍ አልነበረብህም።

እህቴ፣ እኔ አኖዳይዝ የሚያደርግ ወርክሾፕ ውስጥ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ የማሽን ዕቃ ነው የምንነክረው። ላንቺ የሚሆንሽ አሉሚኒየም ነው። ማተሚያ ቤቱ ያሳየሽ ብረቱ ላይ በተቀባ ፖሊመር ውስጥ ቀለም በሙቀት የማስረጽ ሥራ ነው፤ ጥፍርሽ አልዋሸሽም። አኖዳይዝ ስታደርጊ ግን አሉሚኒየሙ ራሱ ላዩ ላይ ኦክሳይድ ያበቅላል። ያ ኦክሳይድ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፣ ቀለሙ እዚያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በፈላ ውሃ ቀዳዳው ይደፈናል። ከመደፈኑ በፊት ያለችው ጊዜ ናት የሠዓሊዋ ጊዜ።

ቆርቆሮውን ተይው። ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፣ አሲዱ ይበላዋል። ማግኔት ከያዘው አታስቢው። የድስት ቁራጭም አይሆንም፤ የሚቀለጠው አሉሚኒየም ሲሊከን ስለሚበዛበት ግራጫ ይወጣል። ንጹሕ የአሉሚኒየም ላሜራ ግዢ።

አሲዱ የመኪና ባትሪ አሲድ ነው፤ አንድ እጅ አሲድ ለሁለት እጅ ውሃ። አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሪ፣ ውሃውን ወደ አሲዱ በጭራሽ! መነጽርና ጓንት አድርጊ፣ ደጅ ሥሪ፣ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ እሳት አይጠጋ። ላሜራውን አስቀድመሽ በሳሙና እጠቢ፣ ከዚያ ሞቅ ባለ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ለአጭር ጊዜ አስነኪው። በአሉሚኒየም ሽቦ አንጠልጥለሽ የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) ምንጩ ፖዘቲቭ ላይ እሰሪ። መዳብ አሲዱ ውስጥ አይግባ። ኔጋቲቩ እርሳስ ወይም ሌላ አሉሚኒየም ይሁን። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ላሜራ ሁለቱም ገጽ ተቆጥሮ 3 አምፔር ገደማ ይበቃል፣ ለ45 ደቂቃ። የአሲዱ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ፤ ከሞቀ ኦክሳይዱ ለስላሳና ዱቄት ዱቄት ይሆናል።

አሁን ወደ ጨዋታው። የሊኖ ቀለምሽ ዘይት ስለሆነ ላዩ ላይ ይቀራል፣ አይገባም። ለአኖዳይዝ የተሠራ የዱቄት ቀለም አስልኪ። በ60 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ ይነከራል። መጀመሪያ ሁሉንም ቢጫ አድርጊ። ስቲከር የሚቆርጡ ቤቶች ፊትንና አክሊልን በቪኒል ይቁረጡልሽ፤ ቢጫ ሆኖ የሚቀረውን ሸፍነሽ ቀዩን ንከሪ። ከአንድ ሊኖ ላይ እየቆረጥሽ በየቀለሙ የምታትሚበትን ዘዴ ታውቂው የለ? አስተሳሰቡ ያው ነው። ለሰማያዊው ቦታ ሌላውን ሸፍነሽ ቢጫውን በበረኪና አስለቅቂው፣ በደንብ እጠቢ፣ ከዚያ ንከሪ። አረንጓዴው ቢጫ ላይ ሰማያዊ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ግን ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ባልዲዎቹን አራርቂ፣ በመካከል ውሃ አትሰስቺ።

ሊኖ ቆራጭ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? ደግሞ «የፈላ ውሃ» ሲሉ፣ እኛ ጋ ውሃ ቶሎ ነው የሚፈላው፣ ችግር የለውም?

አኖድ ከሽቱትጋርት፦
ጎበዝ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። መብራት ከሄደ ወዲያው አውጥተሽ እጠቢው፤ ኤሌክትሪክ ሳይኖር አሲዱ ውስጥ ከቆየ የሠራሽውን ኦክሳይድ መልሶ ያሟሟዋል። ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ካገኘሽ ከመብራት ኃይል ጣጣ ትገላገያለሽ። ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል።

ውሃው ነገር አለው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ እዚህ ለመድፈን ከ96 በላይ ነው የምንይዘው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት የሚባለውን አትመኚው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆዪው። የተጣራ ውሃ ተጠቀሚ፤ የቧንቧው ነጭ ነጭ ይጥልበታል። አሮጌ ፕሬዠር ኩከር ካለሽ በእንፋሎት መድፈን ይሻላል፣ ግን ከዚያ በኋላ ሽሮ እንዳይሠራበት። ቀዳዳው መደፈኑን ለማወቅ ጥግ ላይ የቀለም ውሃ ጠብ አድርገሽ ጥረጊ። ከለቀቀ ተደፍኗል፤ ካልለቀቀ መልሰሽ ቀቅዪው።

ባትሪ በባትሪ፦
ስለ 90 ቮልቱ ልክ ብለዋል ጋሼ። ሊኖ፣ ግን ቀይ የሌለበት መልአክ ከሠራሽ ቲታኒየም ቁራጭ አለኝ፣ በነፃ እልክልሻለሁ።

ሊኖ ቆራጭ፦
ላክልኝ! ክንፎቹን ለብቻ በሱ እሠራቸዋለሁ።