ዳኞቹ በሙሉ ክላሲካል ሳክስፎኒስቶች የሆኑበት ውድድር፣ ጆሯቸው ምን ላይ ነው?

የአዘዞው አልቶ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች፣ ሳክስ የምትነፉ ወይ የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። አልቶ መንፋት ከጀመርኩ አራት ዓመት አለፈኝ፣ ያስተማሩኝ እዚሁ አዘዞ ድሮ ማርሽ ባንድ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው፣ አሁን ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እነፋለሁ ሌላውን ቀን ደግሞ ከኖታ ጋር ትግል ነው። አምና ከተማ ውስጥ የወጣቶች ውድድር ነበር፣ አንቺሆዬ ነፋሁና መጨረሻ ላይ ላይኛዋን ድምፅ ትንፋሼ እስኪያልቅ ይዤ ቆየሁ፣ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፣ ሁለተኛ ወጣሁ። ደስ አለኝ አልዋሽም። ግን ከዳኞቹ አንዱ እንኳ የትንፋሽ መሣሪያ የሚነካ አልነበረም፣ አስተያየታቸው "ስሜት አለህ፣ በርታ" ብቻ ነበር፣ የቱ ጋ እንዳጠፋሁ የቱ ጋ እንደተሻልኩ ሳላውቅ ቤቴ ገባሁ። ይሄ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

አሁን አንድ የውጭ ውድድር አገኘሁ፣ የመጀመሪያው ዙር በቪዲዮ ነው፣ ዳኞቹ አምስቱም ክላሲካል ሳክስፎን እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። የሚጠይቁት ከፈርሊንግ ኤቲዩዶች (የልምምድ ቁራጮች) አንድ ቀርፋፋውን ለብቻ፣ ከዛ የግላዙኖቭ ኮንቸርቶ (ሳክስ ከኦርኬስትራ ጋር የሚነፋበት ሥራ) መጀመሪያውን ከፒያኖ ጋር፣ ሳይቆራረጥ በአንድ ቀረጻ። ትናንት ማታ አጎቴ ቤት ጓዳ ገብቼ ግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቅዬ ኤቲዩዱን በስልክ ቀረጽኩት። ስነፋው ጥሩ መስሎኝ ነበር፣ መልሼ ሳዳምጠው ግን ድምፁ ከመነሳቱ በፊት "ፍስስ" የምትል አየር አለች፣ ደግሞ መሀለኛዋ ሬ በመጣች ቁጥር ጆሮዬን ወጋችኝ። እና እንደዚህ ያሉ ዳኞች የሚያዳምጡት ምንድነው? ፍጥነት ነው? ድምፅ ነው? ሰርግ ላይ የምጨምራትን ጌጥ ብጨምርባትስ? ጎንደር ውስጥ ይሄን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

ማራኪ 07፦
ወንድሜ እኔ ሳክስ አልነፋም ጊታር ነው የምመታው ግን ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት የውጭዎቹ በጣም ፈጣን ናቸው፣ ጣታቸው አይታይም። ፍጥነት ላይ ስራ፣ ዳኛ የሚደነግጠው በሱ ነው። በርታ የከተማችን ልጅ!

ጡረተኛው ቴነር፦
የማራኪው ልጅ ለወንድምህ አስበህ ነው የተናገርከው፣ ግን እኔ በዚህ አልስማማም፣ ቀርፋፋ ኤቲዩድ የጠየቁት እኮ ፍጥነቱን ሊያዩ ስላልፈለጉ ነው። ፈርሊንግ 48ቱን የጻፈው ለኦቦ ነው፣ አንዱ ቀርፋፋ አንዱ ፈጣን እያለ ይሄዳል፣ ቀርፋፋው ላይ መደበቂያ የለም።

ልጄ የአዘዞው፣ እኔ ባንድ ውስጥ 31 ዓመት ቴነርና ክላርኔት ነፍቻለሁ። ስገባ የፈተነኝን ሰው እስከዛሬ አልረሳውም። ማርሽ አጥንቼ ሄጄ ነበር፣ በጣቴ ላስደንቀው። አላስነፋኝም። "አንዲት ሶል ንፋልኝ፣ ረጅም፣ ከምንም ጀምረህ አሳድገህ መልሰህ አጥፋት" አለኝና ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝ፣ በመስኮቱ ወደ ሜዳው እያየ ቆመ። ሳክስ ነፊ ነበር። ነፋሁ። "ድገማት" አለ። ደገምኳት። ሦስተኛ አስደገመኝ። ከዛ "አሁን ዝቅተኛዋን ሲ ቤሞል በቀስታ" ሲለኝ ነፍሴ ወጣች፣ ምክንያቱም እሷን በጉልበት ማንም ያወጣታል፣ በቀስታ ስትጠይቃት ግን ወይ እምቢ ትላለች ወይ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ዘላ ትጮሃለች። የኔዋ ዘለለች። ሰውዬው ሳይዞር "መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳይሆን ሻማ እንዳይጠፋ አድርገህ ነው የምትነፋት፣ ከወር በኋላ ተመለስ" አለኝ። ወር ሙሉ ሌላ ነገር አልነፋሁም፣ ተመልሼ ገባሁ።

ያው ያንተም ዳኞች እንደሱ ናቸው። እነሱ መሣሪያው የት የት ላይ እንደሚያታልል በራሳቸው አፍ ያውቁታል። መሀለኛዋ ሬ ወጋችኝ ያልከው ጆሮህ ጥሩ ስለሆነ ነው፣ ሳክስ ላይ የኦክታቩን ቁልፍ ከፍተህ የምትነፋት ሬ በተፈጥሮዋ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ምንም ጣት ሳትጫን የምትነፋት ዶ ዲየዝ ደግሞ ወደ ታች ትሸሻለች። ዘፋኝ ዳኛ ይሄን ሲሰማ "ልጁ ቅኝት ይጎድለዋል" ብሎ ያልፋል፣ ሳክስ ነፊው ግን ሬዋ እንደምትወጣ ስለሚያውቅ እዛች ቦታ ላይ ምን እንዳደረግክ ነው የሚጠብቀው፣ አፍህን ትንሽ ለቀቅ አደረግክላት ወይስ ዝም ብለህ አለፍካት። ሬ ላይ ስትቆይ የዝቅተኛዋን ሲ ቁልፍ በትንሿ ጣትህ ጨምርባት፣ ወረድ ትልልሃለች።

ያቺ "ፍስስ" ደግሞ ምላስህ ቀድሞ ሲነሳ አየሩ ኋላ ሲመጣ ነው። ምላስህ ሪዱ ላይ (አፍህ ውስጥ የምትንቀጠቀጠው ቀጭን ሸምበቆ ላይ) እንዳለ አየሩን ከሆድህ ገፍተህ አዘጋጀው፣ ከዛ ምላስህን አንሳ በቃ። ሪድህ ስንት ቁጥር ነው? ከበደህም ያው ትፈሳለች።

ጌጡን በተመለከተ፣ ኤቲዩዱ ላይ አትጨምር። ጌታቸው መኩሪያ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽለላውን ወደ ቴነር ሳክስ ያመጣ ሰው ነው፣ እሱን ስሰማ ነው እኔ ሳክስ የወደድኩት። ግን እሱ ሽለላውን ሽለላ ቦታ ነው የነፋው። የሰው ኖታ ስትነፋ የሰውየውን ቃል ሳትለውጥ ማድረስ አለብህ።

ጎንደሬዋ በብራስልስ፦
አያ፣ እርስዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ እግዜር ይስጥልን። ጀርባውን የሰጥዎትን ሰው ነገር ሳነብ ውስጤ ተነካ፣ ውጭም ለኦርኬስትራ ሲፈተን ተፈታኙ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ የሚነፋበት አለ፣ ፊቱ እንዳይታይ።

ወንድምዓለም የአዘዞው፣ እኔ ቀበሌ 04 ነው ያደግኩት፣ ክላርኔት ነው የምነፋው፣ አሁን የምኖረው ቤልጅየም ነው፣ አዶልፍ ሳክስ የተወለደባት ዲናንት ከኛ በባቡር ሩቅ አይደለችም። እሱ የተወለደው በ1814 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሳክስፎንን በስሙ ያስመዘገበው በ1846 ፓሪስ ነው። ዲናንት ድልድዩ ላይ ትልልቅ ቀለም የተቀቡ ሳክሶች ተደርድረዋል፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ በሱ ስም ትልቅ የክላሲካል ሳክስፎን ውድድር ይደረጋል፣ ከ1994 ጀምሮ። የሳክስ ውድድር ሄጄ ሰምቼ አውቃለሁ፣ ዳኞቹ ፊታቸው ኖታው ተከፍቶ ነው የሚሰሙት። እንዲህ ያለ ዳኛ ያን ኮንቸርቶ ራሱ ነፍቶታል፣ አስተምሮታል፣ ስንት ተማሪ ሲሳሳትበት ሰምቷል፣ ስለዚ "ቀስ በቀስ ጨምር" የሚለው ምልክት ላይ ቶሎ ከጮህክ፣ ሐረጉ መሀል ላይ ትንፋሽ ከወሰድክ፣ ወዲያው እርሳሱ ይነሳል።

አንድ ነገር ግን አያ ካሉት ላይ ልጨምር። ሳክስፎኒስት ሁሉ አንድ ጆሮ የለውም። የክላሲካል ሳክስ ቤተሰብ ትንሽ ነው። ፓሪስ ኮንሰርቫቶር ውስጥ ሳክስ ራሱ ያስተምር ነበር፣ በ1870 ክፍሉ ተዘጋ፣ እንደገና የተከፈተው በ1942 ነው በማርሴል ሙል፣ 72 ዓመት ማለት ነው። ሙል እስከ 1968 አስተማረ፣ ከሱ ዳንየል ደፋዬ፣ በ1988 ደግሞ ክሎድ ደላንግል ተተካ። የፈረንሳዩ መስመር ድምፁ ጠባብ፣ ብሩህ፣ ቪብራቶው (የድምፁ መርገብገብ) የተለካ ነው። በሌላ በኩል ጀርመን ተወልዶ ኋላ አሜሪካ የኖረው ሲጉርድ ራሸር አለ፣ እሱ የሳክስን የጥንቱን ውስጡ ሰፊ ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው መንፊያ) ይዞ ነው የሞተው፣ ድምፁ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አንተ የምትነፋው ግላዙኖቭ እኮ ራሸር ወትውቶ ነው በ1934 ያስጻፈው! ስለዚ አምስት ዳኛ ሲቀመጥ አንዱ "ቪብራቶው ማረከኝ" ያለውን ሌላው "በዛ" ይለዋል፣ በዚህ ብትወድቅ አትሰበር። የማያከራክራቸው ያው አያ ያሉት ነው፣ አነሳስ፣ ቅኝት፣ ምት፣ ኖታው ላይ ያለውን ማክበር። በነዚህ ላይ አንዱ ቢያልፍህ አራቱ አያልፉህም።

ቪዲዮውን በተመለከተ ደግሞ ስልክህን አፍንጫህ ስር አታድርገው፣ ሳክስ ድምፁ ከደወሉ ብቻ ሳይሆን ከሚከፈቱት ቀዳዳዎች ሁሉ ነው የሚወጣው፣ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ አድርገው። የብዙ ስልክ መቅጃ ደግሞ ቀስ ስትል ራሱ ከፍ ያደርገዋል ስትጮህ ዝቅ ያደርገዋል፣ ያን ማጥፊያ ካለው አጥፋው፣ አለዚያ በቀስታ ለማንሳት የለፋህባት ሁሉ ትጠፋለች። ጋቢውንም አውርደው፣ ክፍሉን ገደልከው እኮ፣ ክላሲካል ሳክስ ትንሽ የሚመልስ ግድግዳ ይፈልጋል።

የክራር አስተማሪ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ፣ አትቀየሙኝ። እዚህ የምናስተምረው ባህል ነው፣ ዳኛም ሆኜ አውቃለሁ። ሳክስ ነፊ ብቻ ሳክስ ነፊን ይዳኝ ከተባለ ጣትና ሪድ እየቆጠሩ ዜማውን የሚያጡት አይመስላችሁም? ልጁ አንቺሆዬ ሲነፋ ሕዝቡ እልል ያለው በከንቱ አይደለም። አንቺሆዬ ውስጥ ከፒያኖው ቁልፍ ወጣ የሚል ነገር አለ፣ የውጭ ዳኛ ያን ሲሰማ "ቅኝቱ ተሳስቷል" ነው የሚለው። ታዲያ ፍርዱ ሙሉ ነው?

ጡረተኛው ቴነር፦
አልቀየምም ወንድሜ፣ ግማሹን እውነት ተናግረሃል። አንቺሆዬን ለመዳኘት አዝማሪ ወይ ማሲንቆ ያደገበት ሰው ካልተቀመጠ እኔም አላምነውም፣ ሳክስ ነፊ ስለሆነ ብቻ አይበቃም። ግን እኔን የሚቆጨኝ የልጁ ጉዳይ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ "ስሜት አለህ" የምትል ቃል ተሸክሞ ዞረ። መሀለኛዋ ሬ እንደምትወጣ፣ ምላሱ እንደሚቀድም፣ ይሄን አዳራሽ ውስጥ የሚነግረው አንድ ሰው ቢኖር ዛሬ የት በደረሰ። ዳኛ ነጥብ ሰጥቶ ብቻ ከሄደ ልጁን ዳኘው አልልም። እዚህ ከተማ ውድድር የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ ከአምስቱ ወንበር አንዷን መሣሪያውን በአፉ ለሚያውቅ ሰው ስጡ፣ አራቱን እንደፈለጋችሁ።

የክራር አስተማሪ፦
በዚህ ተስማማሁ። አንዷ ወንበር ተገቢ ናት፣ እኔም የምሠራበት ቦታ አነሳዋለሁ።

የአዘዞው አልቶ፦
ኧረ ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ሌላ ነገር ሳልነካ ያቺን ሶል ብቻ ነው የነፋሁት፣ ከምንም ጀምሬ፣ አንድ ሰዓት ያህል። ምላሴን አስቀምጬ አየሩን ቀድሜ ስገፋ "ፍስስ" ከአስር ሰባቱ ላይ ጠፋች። እህቴ፣ ጋቢውን አውርጃለሁ። አሁን የቸገረኝ ፒያኖው ነው፣ እዚህ የሚያጅበኝ ፒያኒስት አላገኘሁም፣ ስለዚ የተቀዳ ፒያኖ ነው ያወረድኩት፣ እሱ ደግሞ አይጠብቀኝም፣ ጠዋት ላይ ስነፋበት እኔ ከሱ በታች ነኝ፣ ከሰዓት ደግሞ እስተካከላለሁ። ሪዴ ሦስት ቁጥር ነው፣ ሁለት ብቻ ነው ያለኝ፣ አንዷ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃለች።

ጎንደሬዋ በብራስልስ፦
እሱ ብርዱ ነው ወንድምዓለም። ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ስትነፋበት ይሞቅና ይወጣል። የጎንደርን ጠዋት እኔ አውቀዋለሁ። ቀዝቃዛ መሣሪያ ይዘህ ማውዝፒሱን ወደ ውስጥ እየገፋህ አታስተካክል፣ መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ንፋበት፣ ከሞቀ በኋላ ቡሹ ላይ ያለውን ቦታ ወስን። የተቀዳው ፒያኖ ላ ከተለመደው 440 ከፍ ብላ በ442 ተቃኝቶም ሊሆን ይችላል፣ አንዷን ላ ቱነር ላይ አድርገህ እያት።

አለመጠበቁ ግን እውነትም ይከብዳል፣ ዳኞቹም ያውቁታል፣ ከሰው ጋር የተነፋ ከሆነ ሁለታችሁ አብራችሁ ስትተነፍሱ ይሰማል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ወይ ኪቦርድ ከሚመቱ ልጆች አንዱን ጠይቅ፣ ግላዙኖቭ መግቢያው ላይ ያለው የኦርኬስትራው ክፍል ለጀማሪ ጣት አይሆንም ግን አንተ ከምትገባበት ጀምሮ ቀለል አድርጎ ሊማረው ይችላል። ደንቡ ግን ይፈቅድ እንደሆን አስቀድመህ አንብብ።

ማራኪ 07፦
እኔ ኪቦርድ የሚመታ ጓደኛ አለኝ፣ ቤተክርስቲያን አጠገብ ነው ቤቱ፣ ኖታ ያነባል። ፍጥነት ያልኩትን እንደተሳሳትኩ ገባኝ፣ በውስጥ መስመር ስልኩን እልክልሃለሁ።

ጡረተኛው ቴነር፦
ልጄ ሦስት ቁጥር ላሁኑ ይከብድሃል፣ ተሰንጥቃ ከሆነ ደግሞ አትንፋባት። እኔ ጋ ሁለት ተኩል የአልቶ ሪድ ያልተከፈተ ፓኬት አለ፣ የልጄ ነበር፣ እሱ ትቶታል። ቅዳሜ ሰርግ ከሌለህ ሦስት ሰዓት ላይ ፒያሳ ና፣ መሣሪያህን ይዘህ፣ ቤቴ ቅርብ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ እሰማሃለሁ።

የአዘዞው አልቶ፦
አያ ሰርግ ቢኖርም ከሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ እዛ ነኝ።