«ዳኛ ኪስ አያይም» ያሉት ሰው ይናገሩ

የሌሊት ሾፌር፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ የማከብራቸው ሰው «አሜሪካ ውስጥ ዳኛ ኪስ አያይም፤ ያጠፋ ይቀጣል፣ ያላጠፋ ቤቱ ይገባል» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ስኒዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ልናገር። ከአሥር ዓመት በፊት የፍጥነት ቲኬት ተቆረጠልኝ። የኮርት ወጪ ሲጨመርበት ከአቅሜ በላይ ሆነ። አልከፈልኩም፣ ላይሰንሴ ታገደ። ላይሰንስ ከሌለ ታክሲ የለም፣ ታክሲ ከሌለ ብር የለም፣ ብር ከሌለ ላይሰንስ አይመለስም። አንድ ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ነዳሁ። መንገድ ላይ በካቴና ወሰዱኝ። ብር ኖሮኝ ቢሆን ያ ካቴና እጄ ላይ አይገባም ነበር። ኪስ አያይም?

ጋሽ ሚዛን፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜን መጥራት ምን አስፈራህ? አሁንም እደግመዋለሁ። ፍጥነቱን የነዳው ዳኛው ነው? በታገደ ላይሰንስ መሪ የጨበጠውስ? እዚህ አገር 31 ዓመቴ ነው። ፓርኪንግ ጠብቄያለሁ፣ ሆቴል አጽድቻለሁ፣ አንድ ቀን ኮርት አልቆምኩም። ደግሞ በፈረንጆቹ 1961 ጌዲዮን የሚባል ድሃ ሰው ጠበቃ ተከልክሎ ተፈረደበት። ፍሎሪዳ እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ ጻፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተቀበለው፣ 1963 ላይ ለድሃ ጠበቃ መንግሥት ያቁም ብሎ ወሰነ። በጠበቃ ሲከራከር ነፃ ወጣ። በእርሳስ የተጻፈ የእስረኛ ደብዳቤ የሚያነብ ፍርድ ቤት በየት አገር አይታችኋል?

ጉድ ፈላ፦ ጋሼ፣ ኮርት አለመቆምዎ ካሜራው ዞር ሲል አልፈው ነው እንጂ ሲነዱ አይተንዎታል።

የሌሊት ሾፌር፦ ጠበቃማ ሰጡኝ። ያገኘኋት ኮሪደር ላይ ቆማ ነው። ክንዷ ላይ የፋይል ቁልል ታቅፋ በሌላ ሰው ስም ጠራችኝ። «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ዛሬ ትወጣለህ» አለች። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ከኋላዬ ወረፋ ነበር።

እታለም፦ ጋሽ ሚዛን፣ በአክብሮት ነው የምለው። ጌዲዮንን ካነሱ የብሮንክሱን ልጅ ካሊፍ ብራውደርንም ያንሱ። 2010፣ ዕድሜው 16። ቦርሳ ሰርቀሃል ተባለ። ዋስ 3,000 ዶላር። ቤተሰቡ አጣ። ሪከርስ ደሴት፣ የኒው ዮርክ እስር ቤት ገባ። ሦስት ዓመት ገደማ ታሰረ፣ አብዛኛውን ለብቻው ተዘግቶበት። ጥፋተኛ ነኝ በልና ውጣ ሲሉት እምቢ አለ። 2013 ክሱን አነሱለት፣ ጉዳዩ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰማ። 2015 ራሱን አጠፋ። 3,000 ዶላር የኪስ ነገር ካልሆነ የምን ነገር ነው?

ጋሽ ሚዛን፦ እህቴ፣ ከጀመርሽ ሙሉውን ተናገሪ። ልጁ በሌላ ጉዳይ ፕሮቤሽን፣ ማለትም ሳይታሰር በፍርድ ቤት ክትትል ላይ ነበር። በኋላ በዚያ ምክንያት ዳኛው ዋስትናውን ጨርሶ ከለከሉት። ከዚያ ወዲያ ሚሊዮን ቢያመጣም አይወጣም ነበር። የልጁ ነገር እኔንም ያሳዝነኛል። ግን ለክርክር ሲባል ግማሹን አንደብቅ።

እታለም፦ እውነት ነው። ግን እስከ ክልከላው ድረስ ከሁለት ወር በላይ የተኛው በ3,000 ዶላር ነው። ያን ሁለት ወር የሀብታም ልጅ ቤቱ ተኝቶ ያሳልፈው ነበር። አዎ ወይስ አይደለም?

ጋሽ ሚዛን፦ ሀብታም አይታሰርም ነው የምትሉኝ? የሰው ገንዘብ ያጭበረበረውን ባለሀብት በርኒ ማዶፍን 150 ዓመት ማን ፈረደበት? እስር ቤት ነው የሞተው።

ጉድ ፈላ፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር! ማዶፍ 2008 ታኅሣሥ ሲያዝ የት ነበር ያደረው? በ10 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ማንሃታን ያለው ሰገነት ቤቱ። ራሱ ጥፋተኛ ነኝ እስኪል ሦስት ወር እዚያው። በቢሊዮን የሚቆጠር የበላው አልጋው ላይ፣ ቦርሳ ወሰድክ የተባለው ሪከርስ። ዳኛ ኪስ አያይም!

ጋሽ ሚዛን፦ ከአፌ አንድ ቃል ነጥቃችሁ እስከ ፋሲካ ልታኝኩ ነው?

ፓራሊጋሏ፦ ላኝከው እኔም። ሁላችሁም ተገልብጦባችኋል። ሕጉ ራሱ ዳኛ ኪስ ይይ ነው የሚለው። 1983፣ ቢርደን የሚባል የጆርጂያ ሰው ቅጣትና ካሣ 750 ዶላር ተወሰነበት። 200ውን ከወላጆቹ ተበድሮ ከፈለ። ከሥራ ተቀነሰ፣ 550 ቀረበት፣ አሰሩት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ለምን እንዳልከፈለ ሳትጠይቁ አታስሩ» አለ። ስለዚህ ጋሽ ሚዛን «ኪስ አያይም» ሲሉ እያመሰገኑ መስሏቸው ነው። አለማየቱ ነው ጥፋቱ።

የሌሊት ሾፌር፦ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ላይሰንሴ ሲታገድ ዳኛ እንኳ አላየሁም፣ ደብዳቤ ነው የመጣልኝ።

ፓራሊጋሏ፦ ቨርጂኒያ ባልተከፈለ የኮርት ዕዳ ላይሰንስ ማገድን በ2020 አስቀርታለች። ሌሎችም እየተዉት ነው። ሁሉም ግን አይደሉም።

ሙሉ፦ የሚዙሪዋን ከተማ ፈርጉሰንን አትርሱ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ 2015 ያወጣውን ሪፖርት አንብቡ። አንዲት ሴት 2007 መኪና አላግባብ አቁማ 151 ዶላርና ክፍያ ተቀጣች። ስድስት ቀን ታሰረች፣ 550 ዶላር ከፈለች፣ 2014 ላይ ገና 541 ይቀርባታል። ከተማው ኮርቱን እንደ ሱቅ ነበር የያዘው።

ሐቀኛው፦ ፈርጉሰን እኮ የጥቁርነት ጉዳይ ነው። ድህነት እያላችሁ አትሸፍኑት።

ሙሉ፦ ፖሊስ ሲያስቆምህ ጥቁር ነህ፣ ካሸሩ ጋ ስትደርስ ድሃ ነህ። የቱ ቀለለህ?

ተስፋዬ ዘኢሊኖይ፦ እኛ ጋ የገንዘብ ዋስትና ከ2023 መስከረም ጀምሮ የለም። አደገኛ ነው ከተባለ ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቃል፣ ዳኛው ሰምቶ ያስራል። ካልሆነ ይለቃል። ብር መሐል አይገባም።

ጋሽ ሚዛን፦ ሌባውን ዛሬ ይዘው ዛሬ ይለቁታል ማለት ነው። ጎረቤቴ ሱቁ ሁለቴ ተሰብሯል፣ ለእሱ ማን ይከራከርለት? ትራምፕ 2025 ነሐሴ ላይ ያለ ገንዘብ መልቀቅ ይቁም ብሎ ትእዛዝ የፈረመው ወዶ አይደለም።

ተስፋዬ ዘኢሊኖይ፦ ጋሼ፣ በገንዘብ ዋስትና ጊዜም እኮ ብር ያለው ሌባ ይወጣ ነበር። ዲሲ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በገንዘብ ዋስ አትጠቀምም ማለት ይቻላል። እዚያው አጠገቧ እየኖራችሁ አታውቁም?

አገሬ ትሻላለች፦ አገር ቤት ቢሆን ሰው ዋስ ይሆንሃል፣ ጎረቤት ፈርሞ ያወጣሃል።

ጉድ ፈላ፦ ፍርድ ቤት ፈቅዶ ፖሊስ «አለቅም» ሲልስ? ተዪን እባክሽ፣ ዛሬ አሜሪካን እንማ።

አገሬ ትሻላለች፦ «ሽ» ማንን ነው? ወንድ ነኝ።

ፓራሊጋሏ፦ ሳልረሳ፣ ግሪን ካርድ የያዛችሁ ስሙኝ። «ጥፋተኛ ነኝ በልና ውጣ» ስትባሉ ከመፈረማችሁ በፊት ዲፖርት ያስደርገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከ2010 ጀምሮ የወንጀል ጠበቃችሁ ይህን ሊነግራችሁ ግዴታ አለበት። ኢሚግሬሽን ኮርት ግን መንግሥት ጠበቃ አያቆምላችሁም። የከፈለ ይከራከራል፣ ያልከፈለ በአስተርጓሚ ብቻውን ይቆማል።

በላቸው፦ ከዋስ ወሬ ሳንወጣ፣ አምና ለዚያ ልጅ ዋስ በዜል ያዋጣነው ብር የት ደረሰ? ክሱ ተነስቶለታል ተብሏል። 50 ዶላር ሰጥቻለሁ።

እታለም፦ ገንዘቡን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ዋሱ 15,000 ነበር። ያ ስለሌለን በክፍያ ዋስ ለሚሆነው ለቦንድ ሰውዬው 10 በመቶ፣ 1,500 ከፈልን። እሱ አይመለስም። ክሱ ቢነሳም፣ ነፃ ቢወጣም የሰውዬው ነው። 15,000ውን ሙሉ ለኮርቱ ያስያዘ ሰው ግን ቀጠሮውን ካከበረ ብሩን ይወስዳል።

በላቸው፦ ምንም ያላጠፋ ልጅ 1,500 ከፈለ ማለት ነው?

እታለም፦ አንተ ከፈልክ ማለት ነው።

በላቸው፦ ደረሰኝ አለ?

ጋሽ ሚዛን፦ እኔ 200 አዋጥቼ ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሰው አታዋርድ።

ጉድ ፈላ፦ ቆይ ጋሼ፣ 200? ዳኛው ኪስ ካላየ እርስዎ ኪስዎ ምን አስገባዎት?

ጋሽ ሚዛን፦ ለእናቱ ብዬ ነው። ነገር አታገናኝ።

የሌሊት ሾፌር፦ ጋሽ ሚዛን፣ እኔስ ስታሰር እናት አልነበረኝም?

ጋሽ ሚዛን፦ ለማን ነገርክ? ዛሬ ገና ነው የሰማሁት።

በላቸው፦ ደረሰኙ ግን ይለጠፍ።