ክርክር፦ ለፕሪሲዥን ካርባይን ከ1 የሚጀምር ስኮፕ (የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር) ይበቃል ወይስ አይበቃም?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ብዙ ሰው ያጨቃጨቀ ነው። ፕሪሲዥን ካርባይን ስንል አጠር ቀለል ያለ፣ በርሜሉ ግን ጥሩ የሆነ፣ በአብዛኛው 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ማለታችን ነው። ከአፍንጫ ሥር እስከ 600 ሜትር ድረስ ይሠራል ይባላል። ላዩ ላይ ምን ይቀመጥ? አንዱ ወገን ከ1 (ማለትም እንደ ባዶ ዓይን) እስከ 6 ወይም እስከ 8 እጥፍ የሚያጎላ ስኮፕ በቂ ነው ይላል። ሌላው ከ2.5 እስከ 10 ወይም ከ3 እስከ 15 ካልሆነ ፕሪሲዥን የሚለውን ቃል አትጥሩ ባይ ነው። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ። "የኔ ይበልጣል" ብቻውን ክርክር አይሆንም።

ቀላል ሸክም፦
እኔ ልጀምር። ይበቃል፣ ይተርፋልም። የአሜሪካ ጦር ለጓድ አልሞ ተኳሾቹ በሰጠው ኤም110ኤ1 ላይ የተቀመጠው ሲግ ታንጎ 6ቲ ነው፤ ከ1 እስከ 6። የአሜሪካ ማሪኖች እ.ኤ.አ. በ2020 ባለ 4 እጥፉን የድሮ ስኮፕ፣ ኤኮግን፣ እንዲተካ የመረጡት የትሪጂኮን ቪኮግ ከ1 እስከ 8 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለጦሩ አዲስ ጠመንጃዎች የተመረጠው የቮርቴክስ ኤክስኤም157ም እንደዚያው ከ1 እስከ 8። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አጥሯቸው አይደለም። ካርባይን በቅርብም ካልሠራ ምኑን ካርባይን ሆነ? እስቲ 10 ሜትር ላይ በ3 እጥፍ ዒላማህን ፈልገው። ከዒላማው በፊት ትዕግሥትህ ያልቃል።

ሩቅ አያለሁ፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን ከመሃል ጀመርከው። ዛሬ ፕሪሲዥን ካርባይን ለምንለው ነገር አባቱ የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች ጠመንጃ የነበረው ኤምኬ12 ነው። 5.56፣ ባለ 18 ኢንች በርሜል። አፍጋኒስታንና ኢራቅ ውስጥ ላዩ ላይ ከነበሩት አንዱ የሉፖልድ 3–9 ነው፣ ሌላው 2.5–8። ኤም110ኤ1 ደግሞ ትልቁን የ7.62 ሚሊ ጥይት የሚተኩስ ነው፤ እዚህ ክርክር ውስጥ አታስገባብን።

ሲቀጥል፣ ጦር የሚገዛው ቤት የሚፈትሸውም ኮረብታ ላይ የሚጠብቀውም ወታደር በአንድ ዕቃ እንዲሠራ ነው። ለሺህ ሰው የተሰፋ ኮት ነው። አንተ አንድ ሰው ነህ፤ በልክህ አሰፋ።

አሁን ወደ ቁጥር። ጤነኛ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር 1 የቅስት ደቂቃ ያህል ነው። 100 ሜትር ላይ ወደ 3 ሴንቲ ማለት ነው። የ5.56 ቀዳዳ ከግማሽ ሴንቲ ብዙም አያልፍም። እንግዲህ አካፍለው። ቀዳዳህን 100 ሜትር ላይ ለማየት ከ5 እጥፍ በላይ፣ 200 ሜትር ላይ ከ10 እጥፍ በላይ ትፈልጋለህ። ያውም አየሩ ጥርት ብሎ፣ እጅህ ሳይንቀጠቀጥ። በ6 እጥፍ 200 ሜትር ላይ የተኮሰ ሰው የት እንደመታ የሚያውቀው በእግሩ ሄዶ ነው።

የሌንስ ሰው፦
ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ቀረው። ዓይን ሁለት ነገሮችን ለመለየት ያ ወሰን አለበት፤ ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁር ነጥብን ግን ከዚያ በታችም "እዚያ አንድ ነገር አለ" ብሎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ በ6 እጥፍም አንዳንዱን ቀዳዳ ታገኘዋለህ። ጥይቱ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ከገባ ግን አለቀ፣ በ10ም ትቸገራለህ። ብዙ ተኳሽ ሲመታ ዙሪያው ቀለም የሚያወጣ ወረቀት የሚገዛው ለዚህ ነው።

ቀላል ሸክም፦
ይሄው! ችግሩ በወረቀት ይፈታል እኮ። ደግሞ ማየትና መምታት ለየቅል ናቸው። 600 ሜትር ላይ ያለች 30 ሴንቲ ብረት በ6 እጥፍ ስታያት በባዶ ዓይን 100 ሜትር ላይ እንዳለች ነው። 100 ሜትር ላይ 30 ሴንቲ ብረት የማያይ ሰው ስኮፕ ሳይሆን የዓይን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ቀዳዳ ለመቁጠር ስፖቲንግ ስኮፕ (ለማየት ብቻ የሚያገለግል ለብቻው የሚቆም መነጽር) አለ።

ሩቅ አያለሁ፦
ብረቷን ታያታለህ፣ አዎ። ስትስትስ? 600 ሜትር ላይ በሰከንድ 4 ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ ጥይትህን ከ1 ሚል (የርቀቱ አንድ ሺኛ) በላይ ይገፋዋል፤ ማለትም ከ60 ሴንቲ በላይ። ንፋሱን በትክክል የሚገምት ሰው ደግሞ የለም፤ የተሻለ የሚስት ነው ያለው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የመጀመሪያው ጥይት አቧራ የት እንዳስነሳ አይቶ ሁለተኛውን ማስተካከል ነው። ያቺን አቧራ ሳር ውስጥ በ6 እጥፍ ፈልጋት። ጎንህ ስፖቲንግ ስኮፕ የሚያይልህ ሰው ካለ ጥሩ። እኔ ብቻዬን ነው የምተኩሰው።

ጀማሪ ነኝ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ከማጉያው ጋር የሚያድግና የማያድግ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ሁለቱንም ዓይነት ከ1 እስከ 6 ሲባል አያለሁ።

አሮጌ አልሞ፦
ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅህ። እነዚህ ሁለቱ ቁጥር ሲቆጥሩ ትልቁን ነገር ዘለሉት።

ፈርስት ፎካል ፕሌን የሚባለው ላይ የማጉያውን ቀለበት ስታዞር መስቀሉም አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ያንሳል። ስለዚህ መስቀሉ ላይ 5 ሚል የሚለው የመለኪያ ሰረዝ በ2ም፣ በ6ም፣ በ8ም ያው 5 ሚል ነው። ሰከንድ ፎካል ፕሌን ላይ መስቀሉ መጠኑን አይቀይርም። ሰረዙ ትክክል የሚሆነው በአንድ ማጉያ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ።

አሁን ይህን በዓይነ ሕሊናህ ተመልከት። 5.56 በ77 ግሬን (5 ግራም ገደማ) ጥይት፣ ዜሮው (መስቀሉ ከጥይቱ ጋር የተገጣጠመበት ርቀት) 100 ሜትር ላይ ሆኖ፣ 600 ሜትር ላይ ወደ 5 ሚል ይወድቃል። ሰውየው ሰፋ አድርጎ ለማየት ቀለበቱን 3 ላይ አድርጎ ነበር። ዒላማው ታየው፣ ቸኮለ፣ 5 የሚለውን ሰረዝ አስቀመጠና ተኮሰ። ስኮፑ ሰከንድ ፎካል ፕሌን ነው፤ በ6 ነው ትክክሉ። በ3 ላይ ያ ሰረዝ 10 ሚል ሆኗል። ጥይቱ 5 ሚል ትርፍ ወጣ፤ 600 ሜትር ላይ 3 ሜትር ከዒላማው በላይ። ሰውየው ጠመንጃውን ይራገማል።

ስለዚህ በሰረዝ የምታነጣጥር ከሆነ የሚያድገውን ውሰድ። ጉድለቱ በ1 ላይ መስቀሉ ከማነሱ የተነሳ የሸረሪት ድር ይሆንብሃል። ፀሐይ ላይ የሚታይ ጠንካራ መብራት ከሌለው በቅርብ አይረባም። ብዙ ሰው ሲገዛ ይህን አይፈትሽም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሁሉም መብራት ያምራል።

ቀላል ሸክም፦
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ግን ከ1 እስከ 6 የሚጠቀም ሰው ሩቅ ሲተኩስ ሁልጊዜ 6 ላይ ነው፣ ቅርብ ሲሆን ሁልጊዜ 1 ላይ። መሃሉን ማን ይነካዋል? ስለዚህ ለዚህ ዓይነቱ ሰከንድ ፎካል ፕሌን አይጎዳም፤ በ1 ላይ ደግሞ መስቀሉ ወፍራም ሆኖ ያገለግላል።

አሮጌ አልሞ፦
"ሁልጊዜ" የሚለው ቃል ነው ያልተስማማኝ። ስትቸኩል እጅህ ቀለበቱን የት ላይ እንደተወው አታውቅም። እስከ 6 ድረስ ግን እሺ፣ እታገስሃለሁ። 8ና 10 ላይ አልስማማም፤ እዚያ በሙቀት ምክንያት መሃል ላይ መቆም ግድ ይሆናል። ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ 15 ላይ ዒላማው ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ቀለበቱን ወደ 8 ታወርደዋለህ፣ ጋብ ይላል። የሚያድግ መስቀል ከሌለህ ደግሞ ሰረዞችህ ዋሹ።

የሌንስ ሰው፦
ጋሽ አልሞ ያነሱት ሙቀት የ15ቱን ስም ያጎድፈዋል፤ የ8ቱን ስም የሚያጎድፍ ደግሞ እኔ አለኝ። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉያው አካፍሉ፤ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል። 24 ሚሊ ሌንስ በ8 እጥፍ፦ 3 ሚሊ። 42 ሚሊ በ10 እጥፍ፦ 4.2። ቀን ላይ ብሌናችሁ ጠባብ ስለሆነ ልዩነቱ አይታወቅም። ሲመሻሽ ብሌን ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ያ 3 ሚሊ ጨለም ይላል። ከ1 እስከ 8 የገዛ አዳኝ ማታ ማታ 4 ላይ የሚያወርደው በግዱ ነው።

ደግሞ "ፓራላክስ ማስተካከያ የሌለው ስኮፕ ሩቅ አይመታም" የሚል ነገር ብዙ ጊዜ ይባላል፤ ፓራላክስ ዓይን ከመሃል ሲያፈነግጥ መስቀሉ ዒላማው ላይ የተንቀሳቀሰ መምሰሉ ነው። ከ1 የሚጀምሩት ብዙዎቹ በፋብሪካ 100 ሜትር አካባቢ የተቆለፉ ናቸው። ዓይናችሁ ከመሃል ሙሉ በሙሉ ቢያፈነግጥ፣ 24 ሚሊ ሌንስ ላይ 600 ሜትር ድረስ የሚመጣው ስሕተት ቢበዛ ወደ 6 ሴንቲ ነው። 50 ሚሊ ሌንስ ላይ ግን ከ12 ሴንቲ ያልፋል። ትልቁ ስኮፕ ላይ ያ ቁልፍ የተገጠመው ትልቁ ስለሚያስፈልገው ነው። ትንሹ ላይ ባለመኖሩ እንቅልፍ አትጡ።

ሩቅ አያለሁ፦
ጥሩ፣ ፓራላክሱን ተውኩት። ቅርብ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አለን። በ3–15ቱ ጎን ወይም አናት ላይ ትንሽ ሬድ ዶት (የማያጎላ፣ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ማሰር ነው። ጠመንጃውን ዘንበል ወይም ራስህን ቀና ታደርጋለህ፣ አለቀ። ማጉያውን መንካት የለም።

ቀላል ሸክም፦
ሁለት ዜሮ የሚጠብቅ፣ ሁለት ባትሪ የሚቀይር ሰው። ጉንጭህ አንዴ ሰደፉ ላይ፣ አንዴ አየር ላይ። ክብደቱስ?

ሩቅ አያለሁ፦
ክብደት አነሳህ? የቮርቴክስ ሬዘር ጄን 2-ኢ 1–6 ክብደቱ 610 ግራም ነው። የሉፖልድ ማርክ 5ኤችዲ 3.6–18 ደግሞ ክብደቱ 737 ግራም። ሦስት እጥፍ ማጉያ በ127 ግራም ልዩነት! "ከ1 የሚጀምር ቀላል ነው" የሚለው እንደ ዕቃው ነው።

ቀላል ሸክም፦
ከባዱን መርጠህ አወዳደርክብኝ። የናይትፎርስ ኤንኤክስ8 1–8 ክብደቱ 480 ግራም ገደማ ነው። ሬድ ዶትህንና ማሰሪያውን ደምርና ተመለስ።

ጀማሪ ነኝ፦
እሺ እኔ ምን ላድርግ? አብዛኛው ተኩሴ ወረቀት ነው፣ 100ና 200 ሜትር። ወር ላይ አንዴ ብረት እስከ 400። ቤት ውስጥ የምሮጥበት ውድድር የለኝም። ሚል ይሻላል ወይስ በቅስት ደቂቃ የሚለካው ኤምኦኤ?

አሮጌ አልሞ፦
ሜትር የምታስብ ከሆነ ሚል። የማስተካከያው ቁልፍ አንዷ ክሊክ (0.1 ሚል) 100 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ናት። በዚህ ጊዜ አታጥፋ።

ለአንተ ከ2.5 እስከ 10 ነው፤ መስቀሉ የሚያድግ። ከ1 የሚጀምረው በማትጠቀምበት 1 ያስከፍልሃል፤ በየቀኑ የምትፈልገውን 10 ይነፍግሃል። 3–15ም አልልህም፤ ለ400 ሜትር ብረት ትርፍ ነው፣ ባለ 50 ሚሊ ሌንስ ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጉንጭህን ከሰደፉ ያነሳብሃል። ካርባይኑን ሮጠህ የምትተኩስበት ቀን ከመጣ ያን ጊዜ የቀላል ሸክምን ምክር ስማ።

ቀላል ሸክም፦
ለዚህ ልጅ ከሆነ አልከራከርም። ለጠቅላላው ጥያቄ ግን ቦታዬን አልለቅም፤ በቅርብም በሩቅም የሚሠራ ጠመንጃ ላይ በሩቅ ብቻ የሚሠራ ስኮፕ አላስርም።

የሌንስ ሰው፦
የቱንም ብትገዛ፣ ጀማሪ፣ ስታስረው መስቀሉ ከጠመንጃው ጋር ቀጥ ማለቱን አረጋግጥ። 3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ዓይንህ ላያውቀው ይችላል። 400 ሜትር ላይ ብዙም አይጎዳህም። 600 ሜትር ላይ 5 ሚል ስታነሳ ግን ጥይቱ 15 ሴንቲ ያህል ወደ ጎን ይሄድብሃል፤ አንተም ንፋስ ነው ብለህ ታስተካክላለህ። ቱንቢ፣ ማለትም ከባድ ነገር የተንጠለጠለበት ክር፣ 50 ሜትር ላይ ስቀልና የቆመውን መስመር ከእሱ ጋር አስተያይ፤ ብሎኖቹን የምታጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ጀማሪ ነኝ፦
ብሎኖቹን በእጅ ግምት ነው ወይስ በመለኪያ?

የሌንስ ሰው፦
በመለኪያ። ልኩን የማሰሪያው መመሪያ ላይ ታገኘዋለህ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ በመስቀለኛ እያፈራረቅህ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ። በግምት ያጠበቀ ሰው ቱቦውን ሲያጎብጥ አይቻለሁ።