ለጽሑፍ የሚከፍሉ የብሎክቼይን መድረኮች ራሳቸው ከምንድን ነው የሚያተርፉት?

ብዕርተኛዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስላነበብኳቸው መጻሕፍት እጽፋለሁ። አንድ ጓደኛዬ «ሃይቭ የሚባል የብሎክቼይን መድረክ ላይ ብትጽፊ ይከፈልሻል» አለኝና ገብቼ አየሁት። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የዶላር መጠን ተጽፏል። አንባቢው ግን ከኪሱ ምንም አያወጣም፤ ላይክ እንደማድረግ ያለ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መድረኩስ ከኔ ምን ያገኛል? ከመጀመሬ በፊት በደንብ ሊገባኝ ስለፈለግኩ ነው። የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሰንሰለት ቆጣሪ

እህቴ፣ ገንዘቡ አዲስ የሚፈጠር ቶከን፣ ማለትም የመድረኩ የራሱ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ብሎክቼይን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ፣ ገጽ በገጽ የሚቀጣጠል መዝገብ ነው። ሃይቭ በየ3 ሰከንዱ አንድ ብሎክ፣ ማለትም አንድ የመዝገብ ገጽ፣ ይሠራል፤ ከብሎኩ ጋር አዲስ ቶከን ይወለዳል። ከዚህ አዲስ ቶከን 65 በመቶው ለጸሐፊዎችና ድምፅ ለሚሰጧቸው ሰዎች ነው። 15 በመቶው ቶከናቸውን ቆልፈው ላስቀመጡ፣ 10 በመቶው ኔትወርኩን በኮምፒውተራቸው ለሚያንቀሳቅሱት «ምስክሮች»፣ የቀረው 10 በመቶ ለልማት ፈንድ ይሄዳል።

ስለዚህ ከፋይ የለም ማለት አይደለም። አዲስ ቶከን በተፈጠረ ቁጥር የነባር ባለቤቶች ድርሻ በትንሹ ይሳሳል። እነሱ ይህን የሚቀበሉት ለምን መሰለሽ? ያንቺ ጽሑፍ ሰው ይስባል። ከመጣው ሰው ውስጥ አንዳንዱ ቶከኑን ይገዛል። ሲገዛ ዋጋው ይደገፋል። ትርፉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ቶከን በርካሽ ጊዜ የያዘ ሰው፣ አንድ መስመር ሳይጽፍ በጸሐፊዎች ሥራ ሀብቱ ያድጋል። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ያንቺም ክፍያ አብሮ ይወርዳል።

የማታ አንባቢ

ሰንሰለት ቆጣሪ ያለው ልክ ነው። ታሪኩን ብጨምርበት ይበልጥ ይገባሻል።

የዚህ ዓይነት መድረክ ፈር ቀዳጁ ስቲሚት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው) የስቲሚት ኩባንያ መሥራቾች ኔድ ስኮትና ዳን ላሪመር መድረኩ የሚሠራበትን ስቲም የሚባል ብሎክቼይን ጀመሩ። ኩባንያው ገና ሰው ሳይሰማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተፈጠረው ቶከን አብዛኛውን ለራሱ ወሰደ። ከዚያ ሕዝቡ መጥቶ መጻፍ ጀመረ፣ ቶከኑም ዋጋ አገኘ። ኩባንያው ለሥራው ማስኬጃ ያንን ቶከን እየሸጠ ይጠቀም ነበር። ልብ በይ፣ ከማንም ጸሐፊ ኮሚሽን አልቆረጠም። ጸሐፊዎቹ ዋጋ የሰጡትን ቶከን ነው የሸጠው። የቶከኑ ዋጋ በ2018 ሲወድቅ ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከሠራተኞቹ 70 በመቶውን አሰናበተ።

በየካቲት 2020 ትሮን የሚባል የሌላ ብሎክቼይን መሥራች የሆነው ጀስቲን ሰን ኩባንያውን ገዛው፤ ያ ሁሉ ቶከን አብሮ በእጁ ገባ። በዚህ ሥርዓት ድምፅ የሚመዘነው በቶከን ብዛት ነው። ስለዚህ ሰዉ «ያ ድርሻ ለልማት ነው የተባለው፣ አሁን በላያችን ሊነግሥበት ነው» ብሎ ተነሳ። ጠቡ ከረረና መጋቢት ላይ ብዙዎቹ ተገንጥለው ሃይቭን መሠረቱ። የኩባንያውን ድርሻ ወደ አዲሱ ሰንሰለት አላሻገሩትም። አንቺ አሁን ያየሽው ሃይቭ የተወለደው «ትርፉ የማን ነው?» ከሚለው ጠብ ነው።

ፎቶ አንሺ

እኔ በተግባር ኪስ የሚገባውን ላሳይሽ። ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ጽሑፍሽ ሥር 10 ዶላር ይላል እንበል። መጀመሪያ 7 ቀን ትጠብቂያለሽ፤ እስከዚያ ቁጥሩ ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። ሲደርስ ግማሹ፣ 5 ዶላሩ፣ ድምፅ ለሰጡሽ ሰዎች ነው። የቀረው 5 ያንቺ ነው። ሃይቭ ላይ በተለያዩ አፖች መጻፍ ይቻላል፤ የጻፍሽበት አፕ 10 በመቶ የሚወስድ ከሆነ 50 ሳንቲም ይሄድና 4 ዶላር ከ50 ይቀራል። ከዚህም በተለመደው አከፋፈል ግማሹ ኤችቢዲ በሚባል፣ ከ1 ዶላር ጋር እኩል እንዲሆን በታሰበ ቶከን ይመጣል። ሌላው ግማሽ የተቆለፈ ሃይቭ ነው፤ የመድረኩ ዋና ቶከንም ስሙ ሃይቭ ነው። እሱን ለማውጣት 13 ሳምንት ይፈጃል፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነው የሚለቀቅልሽ።

ያ ሁሉ 10 ዶላር ወደ 2 ዶላር ከ25 ወረደልሽ ማለት ነው፣ ወዲያው ልትጠቀሚበት የምትችይው። የተቆለፈው ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ ከጅምሩ እንደ ወርሃዊ ገቢ አትቁጠሪው።

ብዕርተኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ድምፅ ሰጪው ግማሹን ይወስዳል ሲባል ደነገጥኩ። ለምን?

ሰንሰለት ቆጣሪ

የድምፅ ክብደት በተቆለፈ ቶከን ስለሚለካ ነው። አዲስ ሰው መቶ ጊዜ ድምፅ ቢሰጥሽ ሳንቲም ላይሞላ ይችላል። አንድ ትልቅ ባለድርሻ ግን በአንድ ክሊክ ብዙ ዶላር ያስቀምጥልሻል፤ የድርሻውንም ይወስዳል። ደጉ ሐሳብ «ጥሩ ጽሑፍ ፈልጎ ያገኘ ይሸለም» የሚል ነበር። በተግባር ግን ብዙ ድምፅ በማሽን ይሰጣል፣ ማንም ሳያነብ። ስቲም ላይ እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለጸሐፊው 75 በመቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ነሐሴ ወደ 50 ዝቅ ያለው ባለድርሻዎች ድምፃቸውን ከመሸጥ ይልቅ ለሌሎች እንዲሰጡ ለማበረታታት ተብሎ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ተቃራኒ ድምፅም አለ። ትልቅ ባለድርሻ ካልወደደሽ ያየሽውን ክፍያ ወደ ዜሮ ሊያወርደው ይችላል። ገንዘቡ ወደ ጋራ ገንዳው ተመልሶ ለሌሎች ይከፋፈላል። ይግባኝ የሚባልበት ቢሮ የለም።

ኮድ ጸሐፊው

እኔ ግን በጣም አታስፈራሯት እላለሁ። የተለመዱት ማኅበራዊ ሚዲያዎች በጽሑፋችን ዙሪያ ማስታወቂያ ይሸጣሉ፤ አብዛኛው ጸሐፊ ሰባራ ሳንቲም አያይም፣ ሒሳቡንም አያሳዩትም። እዚህ ሒሳቡ ክፍት ነው። ማን ምን ያህል ቶከን እንደያዘ፣ ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ፣ ማን ወደ መሸጫ ገበያ እንደላከ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ሌላም ተመሳሳይ መድረክ ሲያጋጥምሽ አስቀድመሽ የትልልቆቹን አካውንቶች ድርሻ እዪ። ጥቂት ሰዎች አብዛኛውን ከያዙ፣ አንቺ የምትጽፊው ለነሱ ቶከን ገዢ ለማምጣት ነው። ቀጥሎ አዲሱ ቶከን በዓመት በምን ያህል እንደሚጨምርና ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ጠይቂ። «መጀመሪያ ገንዘብ አስገብተሽ ቶከን ካልገዛሽ አይከፈልሽም» የሚል ካለ ግን ዝም ብለሽ ውጪ።

ብዕርተኛዋ

ገባኝ። ሌላ ቦታ ያወጣኋቸውን ጽሑፎች እዚያ ብለጥፍስ? ካልተመቸኝስ ማጥፋት ይቻላል?

ኮድ ጸሐፊው

ማጥፋቱን እርሺው። ከገጹ ላይ ብትሰርዢው እንኳ የመጀመሪያው ቅጂ በብሎኩ ውስጥ ይቀራል፤ ሌላ አፕ አንብቦ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ መጽሐፍ ልታደርጊው ያሰብሽውን ወይም ስለ ሰው የግል ሕይወት የሚያወራውን እዚያ አታውጪ። የድሮ ጽሑፍ ከለጠፍሽ ደግሞ የራስሽ መሆኑንና መጀመሪያ የት እንደወጣ ጻፊበት፤ አለዚያ ስርቆት መስሏቸው ተቃራኒ ድምፅ ያዘንቡብሻል።

ከመለጠፍሽ በፊት የጽሑፉን ቅንብር ክፈችና ተቀባዮች የሚለውን እዪ። አፑ ለራሱ ያስገባው መቶኛ እዚያ ይታያል፤ ካልተስማማሽ ሌላ አፕ ተጠቀሚ፣ አካውንትሽ ያው ነው።

ፎቶ አንሺ

ቁልፎችሽንም አደራ። ለመለጠፍ አንድ ቁልፍ አለ፣ ገንዘብ ለማዘዋወር ሌላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የባለቤትነቱ። አፕ ላይ ስትገቢ የመለጠፊያውን ብቻ ስጪ። የባለቤትነቱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ። ከጠፋብሽ «ፓስወርዴን ረሳሁ» ብለሽ የምትጠይቂው ኩባንያ የለም።