ለአምስት ዓመት ሕፃናት «እምነት» ምን ማለት እንደሆነ እንዴት እናስረዳ?

ጥያቄ፦
በቤተ ክርስቲያናችን ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው እሑድ ዕብራውያን 11፥1ን መነሻ አድርጌ «እምነት ማለት የማናየውን ነገር አለ ብሎ መቀበል ነው» አልኳቸው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ «ከአልጋዬ ሥር ጭራቅ አለ፤ አላየሁትም፣ ግን አለ። እሱም እምነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም መልሴን ይጠብቁ ነበር። የምለው ጠፍቶኝ መዝሙር አስጀመርኩ። ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ትምህርቱን ሳላሳስታቸው እንዴት ላስተካክለው?

የመጀመሪያ መልስ፦
እኅቴ፣ ልጅቷ በሰጠሻት ትርጉም መሠረት በትክክል አስባለች። ጉድለቱ ያለው ጥቅሱን ከመሐል ቆርጠን «የማናየው» በሚለው ላይ ብቻ በመቆማችን ነው። ያው ምዕራፍ ዝቅ ብሎ ሣራ ያመነችው ተስፋ የሰጣት የታመነ መሆኑን ስለቆጠረች እንደሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ ዋናው ነገር አለማየታችን ሳይሆን ቃል የገባልን ማን መሆኑ ነው። በዚህ ረገድ ቋንቋችን ራሱ ያግዘናል፤ «አመነ»፣ «ታመነ»፣ «ታማኝ» የአንድ ሥር ቃላት ናቸውና። አንድ ልጅ «እናቴን አምናታለሁ» ሲል እናቴ በሕይወት አለች ማለቱ ሳይሆን ያለችውን ታደርጋለች ማለቱ ነው። እኔ ልጆቹን ወደ በሩ እንዲመለከቱ አደርግና «ከትምህርት በኋላ ማን ይወስዳችኋል? አሁን አይታያችሁም፤ እንደሚመጣ በምን አወቃችሁ?» እላቸዋለሁ። «ሁልጊዜ ስለሚመጣ!» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ለልጅቷ «ጭራቁ ቃል ገብቶልሽ፣ ቃሉንም ጠብቆልሽ ያውቃል?» ማለት ይቻላል። ፍርሃቷን ግን አደራ፣ አታቃልዪባት።

ሁለተኛ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ፤ የበሩን ምሳሌ ግን ክፍሉን ሳያውቁ መጠቀም አይገባም። እኔ ስጠቀምበት አባቱ ቤቱን ጥሎ የሄደ አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታና ሲያስር አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ማቴዎስ 14 ተመልሻለሁ። ሰማያዊ አንሶላ እናነጥፋለን፤ ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው ያወዛውዙታል፤ አንዱ ጴጥሮስን ሆኖ በላዩ ይራመዳል። ነፋሱን አይቶ ሲፈራና «ጌታ ሆይ፣ አድነኝ» ሲል እጁን እይዘዋለሁ። ኢየሱስ ስለ መጠራጠሩ የጠየቀው እጁን ዘርግቶ ከያዘው በኋላ መሆኑን ልጆቹ እንዲያስተውሉ አደርጋለሁ። ያ ልጅ ተራው ደርሶ ጴጥሮስን ሲሆን መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ እጄን አልለቀቀም።

ሦስተኛ መልስ፦
እኔ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ እምነትን የምንፈልገውን ነገር የምናገኝበት ኃይል አድርገን እንዳናቀርበው። ከዓመታት በፊት የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ተራራ ታነሣለች የሚለውን በስሜት አስተምሬ ነበር። ከሳምንታት በኋላ አያቱ ያረፈችበት የስድስት ዓመት ልጅ ወደ እኔ ቀርቦ «አጥብቄ ስላላመንኩ ነው የሞተችው» አለኝ። ያን ሸክም ያሸከምኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ኢየሱስ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ የአባቱን ፈቃድ እንዳስቀደመ አብሬ እነግራቸዋለሁ። ዕብራውያን 11፥13ም እነዚያ ሁሉ የተሰጣቸውን ተስፋ ሳያገኙ በእምነት እንደሞቱ ይናገራል፤ ለሕፃናት በሚገባ ቋንቋ «እግዚአብሔር እንቢ ሲልም አይተወንም» እንላቸዋለን። በማርቆስ 9፥24 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለውንም እንደ ጸሎት አስጠናቸዋለሁ፤ ቃሉ አጭር ስለሆነ ቶሎ ይይዙታል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከልጆቹ የሁለቱን የቤት ሁኔታ ስለማውቅ የበሩን ምሳሌ ትቼ ለፊታችን እሑድ አንሶላውን አዘጋጃለሁ። ከትምህርቱ በፊት ግን ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግሬ፣ ጥያቄዋን በመዝሙር በማለፌ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።