የውጭ የአይቲ አማካሪ መቼ ነው የሚያስፈልገው?

ቀይ ስዊች (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድርጅታችን 40 ሠራተኞችና አንድ የአይቲ ባለሙያ አሉት። የሒሳብና የንብረት ሶፍትዌራችን የሚሠራው ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ነው። ከሰዓት በኋላ ሶፍትዌሩ ይንቀራፈፋል። ለደንበኞች የምንልከው ኢሜይልም ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይገባል። አለቆች የውጭ አማካሪ ይምጣ ይላሉ፤ ባለሙያችን ደግሞ ጊዜ ከተሰጠኝ ሁሉንም እኔው እጨርሰዋለሁ ይላል። የትኛው ሥራ ለውጭ ሰው ይሰጥ? ውሉ ላይስ ምን ቢገባ ይሻላል?

ራክ 42

እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሥራው ማለቂያ አለው ወይስ የለውም? ሰርቨር ማዛወር፣ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት የሚያጣራውን) እንደ አዲስ ማደራጀት፣ ቢሮ ሲቀየር ኔትወርክ መዘርጋት፣ የደህንነት ፍተሻ፣ እነዚህ አልፎ አልፎ የሚመጡ ሥራዎች ናቸው። አማካሪ ደጋግሞ ስለሚሠራቸው የት እንደሚያሰናክሉ ያውቃል። ፓስወርድ መቀየር፣ ፕሪንተር፣ ለአዲስ ሠራተኛ አካውንት መክፈት፣ የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሪፖርት በየጠዋቱ ማየት ግን ማለቂያ የላቸውም። ለእነሱ አማካሪን በሰዓት መክፈል ገንዘብ መበተን ነው። የሰው ኃይል ካነሳችሁ ረዳት ቅጠሩ፣ ወይም በወር ሒሳብ ድጋፍ ከሚሰጥ ድርጅት ጋር ተዋዋሉ።

ካነሳችኋቸው ውስጥ ለአማካሪ የሚሆነው ሰርቨሩ ነው፤ አስቸኳዩም እሱ ነው። ማይክሮሶፍት ለ2012 አር2 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ኦክቶበር 10 ቀን 2023 ነው። በክፍያ የሚገኘው ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያም የሚደርሰው እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ብቻ ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ (ሰርቨሩን ከርቀት መክፈቻው፣ ፖርት 3389) ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ አማካሪ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ዝጉትና ከውጭ የሚገባ ሰው በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይግባ። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች ከሚገቡባቸው ዋና በሮች አንዱ ይህ ነው።

ዝውውሩ ሲሠራ በአሮጌው ላይ አዲሱን ዊንዶውስ መጫን አይመከርም። አዲሱን ሰርቨር ለብቻው አዘጋጅቶ፣ የዳታቤዙን (የሶፍትዌሩ መረጃ የሚቀመጥበትን) ቅጂ አምጥቶ፣ 2 ወይም 3 ሠራተኞች ለአንድ ሳምንት እንዲሞክሩት ማድረግ ነው። ዋናው ቅየራ ሥራ በሌለበት ቀን ይሁን። አሮጌው ፓወሩ ይዘጋል እንጂ ያለበት ነገር ቢያንስ ለ30 ቀን አይነካም። በማግስቱ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ማንም ያላሰበው ነገር ነው፦ ወደ ሰርቨሩ ፎልደር የሚልኩ የቆዩ ስካነሮች የሚያውቁት ኤስኤምቢ 1ን (አሮጌውን የፋይል መጋሪያ ዘዴ) ብቻ ነው፤ አዳዲሶቹ ሰርቨሮች ደግሞ ያንን ሲጫኑ ጀምሮ ይተዉታል። በየኮምፒውተሩ ላይ በአሮጌው ሰርቨር ስም የተሠሩ ሾርትከቶችና በኤክሴል ውስጥ የተደበቁ ሊንኮችም እንዲሁ ባዶ ይሆናሉ። ጥሩ አማካሪ እነዚህን አስቀድሞ ዘርዝሮ ይጠይቃችኋል።

የዳታ ክፍል

በሰርቨሩ እስማማለሁ። ለመንቀራፈፉ ግን ገና ማንንም አትጥሩ፤ ሳይለካ የመጣ አማካሪ የመጀመሪያውን ቀን የሚያጠፋው እናንተ ልትለኩት በምትችሉት ነገር ላይ ነው። ሶፍትዌሩ በሚያዘግምበት ሰዓት ፐርፎርማንስ ሞኒተርን (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን መለኪያ) ከፍታችሁ ዲስኩ ለአንድ ንባብ ወይም ጽሕፈት የሚወስደውን ጊዜ እዩ። ያለማቋረጥ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ ዲስኩ ነው። ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) ከሆነ የሚወስደው ሜሞሪ ላይ ገደብ መደረጉን አረጋግጡ። ካልተነካ ገደብ የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ ይይዝና ዊንዶውሱን ያስርበዋል። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ለዊንዶውሱ ይተው። አንቲቫይረሱ የዳታቤዝ ፋይሎቹን እየፈተሸ እንደሆነ፣ ባክአፑም ከሰዓት በኋላ ይጀምር እንደሆነ ተመልከቱ። የሰርቨሩን ኬብልም አትርሱ፤ ከ8ቱ ሽቦዎች አንዱ ሲጎዳ የ1 ጊጋቢት መስመር ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድና ምንም የስህተት መልእክት ሳይሰጥ ሊቀጥል ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተንቀራፈፈ ጉዳዩ ያለው ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው፤ የሚጠራው የሸጠላችሁ ድርጅት ነው እንጂ የአይቲ አማካሪ አይደለም።

ኢሜይሉን ባለሙያችሁ በጥቂት ሰዓት ያስተካክለዋል። ኤስፒኤፍ (በዶሜይናችሁ፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻችሁ ከ@ በኋላ ባለው ስም፣ መላክ የሚችሉ ሰርቨሮች ዝርዝር)፣ ዲኪም (የመልእክቱ ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጫ) እና ዲማርክ (እነዚህን ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለው መመሪያ) ሦስቱም በዲኤንኤስ (የዶሜይኑ መረጃ በሚጻፍበት የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ መኖር አለባቸው። የተለመደው ስህተት ለአንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር መጻፍ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። በኤስፒኤፉ ውስጥ ዲኤንኤስ የሚያስጠይቁ ነገሮችም ከ10 ማለፍ የለባቸውም። ዲማርክን መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ እንዲሰበስብ አድርጉ። በእናንተ ስም ማን ማን እንደሚልክ ለጥቂት ሳምንታት አይታችሁ ነው የምታጠብቁት፤ በመጀመሪያው ቀን ካጠበቃችሁት ከሒሳብ ሶፍትዌሩ የሚወጣው የራሳችሁ ደረሰኝ ይታገዳል።

ፊርማና ማኅተም

ስለ ውሉ። ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ ለብቻው የሚከፈል የ2 ወይም የ3 ቀን ፍተሻ ይሁን። ውጤቱም የኔትወርክ ንድፍ፣ የዕቃዎች ዝርዝር ከነዕድሜያቸው፣ የላይሰንስ ዝርዝርና በአስቸኳይነት የተደረደሩ ችግሮች ይሁኑ። ሰነዱ የእናንተ ንብረት ነው፤ ይዛችሁት ሌላ አማካሪ ጋ ዋጋ መጠየቅ መቻል አለባችሁ። ይህን ፍተሻ በነፃ እሠራለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ወጪውን የሚመልሰው በሚሸጥላችሁ ዕቃ ነው። ስለዚህ ከሻጭ ኮሚሽን ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጽ አድርጉ።

ለዋናው ሥራ ክፍያውን ከውጤት ጋር እሰሩት፦ 30 በመቶ ሲጀመር፣ 50 በመቶ ዝውውሩ ሲጠናቀቅ፣ 20 በመቶ ደግሞ ሲስተሙ 30 ቀን ሠርቶ የርክክብ ሰነዱ ሲገባ። ወደነበረበት የመመለሻ ዕቅዱም ከሥራው በፊት ተጽፎ ይቅረብ፤ በስንት ሰዓት ውስጥ ካልተሳካ እንደሚመለስና ውሳኔው የማን እንደሆነ ይግባበት።

ቁልፎቹን አትስጡ። ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፤ የመዝጋቢው አካውንት ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አይሁን፤ አለዚያ ዶሜይኑ ሲቋረጥ የማደሻው መልእክት አይደርሳችሁም። ለአማካሪው በራሱ ስም የተለየ የአድሚን አካውንት ክፈቱለት፣ ማብቂያ ቀን ይኑረው፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ይደረግበት። አካውንቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን በስሙ የሚሠሩ ቀጠሮ የተያዘላቸው ተግባሮችንና ሰርቪሶችን ፈልጉ። ባክአፑ በእሱ አካውንት ከተዋቀረ አካውንቱ በተዘጋበት ሌሊት ባክአፑም ይቆማል፤ የሚታወቀው ደግሞ ፋይል ሲጠፋ ነው።

ቀይ ስዊች (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠርቶልኛል። አንድ የቀረችኝ፦ ባለሙያችን አማካሪው መጥቶ ቦታዬን ይወስደዋል ብሎ ይሰጋል። ምን ይደረግ?

ራክ 42

አለቆች አማካሪውን ሲመርጡ ባለሙያችሁ አብሮ ይቀመጥ፤ ጥያቄዎቹም ከእሱ ይውጡ። በሥራው ጊዜ ኪቦርዱ በተቻለ መጠን በባለሙያችሁ እጅ ይሁን፤ አማካሪው አጠገቡ ሆኖ ይምራ። ትንሽ ያዘገያል፤ ግን ዕውቀቱ ቢሮው ውስጥ ይቀራል። ርክክቡን የሚፈርመውም እሱ ይሁን፤ ከመፈረሙ በፊት ግን አማካሪው በሌለበት፣ ሰነዱን ብቻ ይዞ፣ ዳታቤዙን ከባክአፕ ወደ ሌላ ማሽን መልሶ ሶፍትዌሩን ይክፈትበት። ሰነዱ የት ላይ እንዳስቸገረው ይጻፍ፤ አማካሪው ያንን ገጽ አስተካክሎ ካስገባ በኋላ ነው የመጨረሻው 20 በመቶ የሚለቀቀው።